ሞኝ፣ ተላላ፣ ጅል፣ እንዝህላል፦ የቱ ቃል ለማን? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ አማርኛ የሚናገር ሰው ብዙ ጊዜ ቤቱ ሌላ ቋንቋ አለው። ኦሮምኛ ሊሆን ይችላል፤ ዳውሮኛ፣ የምኛ ወይም ከፍኛም ሊሆን ይችላል። ገበያ ሲወጣ፣ ቢሮ ሲገባ፣ ባጃጅ ሲሳፈር ወደ አማርኛ ይሻገራል። በዚህ መሻገር ውስጥ የምስጋና ቃላት ብዙም ችግር አይፈጥሩም። የሚያጣሉት የሞኝነት ቃላት ናቸው። አንዱ ለጨዋታ ያለው ቃል ሌላው ጆሮ ሲደርስ ስድብ ሆኖ ያርፋል።

ከጓደኞቼ፣ ከጎረቤት ልጆችና አማርኛን ገና ከሚለምዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደጋግመው የሚመጡብኝን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። የመዝገበ ቃላት ሥራ እንዳይመስላችሁ። የማወራው ቃሉ አፍ ላይ ሲውል ምን እንደሚያደርግ ነው።

ሞኝ፣ ቂልና ጅል አንድ አይደሉም እንዴ?

ጎረቤታሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ክብደታቸው ይለያያል።

ሞኝ ቀላሉ ነው። ሞኝ ማለት የሚታለል ሰው ነው። አእምሮው ጎድሏል ማለት አይደለም፤ መጠርጠር አልለመደም ማለት ነው። ለዚህ ነው እናት ልጇን «የኔ ሞኝ» ብላ የምታቅፈው። ፍቅረኛውን «አንቺ ሞኝ» ያላት ልጅ ሳቅ ያተርፋል። «አንቺ ጅል» ቢላት ግን የዚያን ቀን ምሽት አለቀለት።

ቂል መሃል ላይ ነው። ቂል ሰው ቦታና ጊዜ አይለይም። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ቀልድ የሚጀምር፣ ሽማግሌዎች ሲመካከሩ ብቻውን የሚስቅ ሰው ቂል ይባላል። ክፋት የለውም፤ ያሳፍራል እንጂ።

ጅል ከባድ ነው። «ይሄ ሰው አይሻሻልም» የሚል ፍርድ አለበት። ሞኝ ነገ ሊነቃ ይችላል። ጅል ግን ጉድጓዱን አሳይታችሁት፣ ዙር ብላችሁት፣ ተመልሶ ይገባበታል።

በእርግጥ ተረቱ ድንበሩን አያከብርም። አንዱ «ሞኝ አይሙት እንዲያጫውት» ይላል፣ ሌላው እዚያው ላይ ቂል ወይም ጅል ይተካበታል። ጨዋታ ሲሆን ሦስቱም ይቀያየራሉ። ቁጣ ሲመጣ ነው የሚለያዩት።

«ተሞኘሁ»፣ «ተጃጃልኩ»፣ «ተሸወድኩ» ሲባልስ?

ግሶቹ ከስሞቹ ይልቅ ብዙ ይናገራሉ። «ተሞኘሁ» ያለ ሰው አንድ ጊዜ ተታሏል፤ ያጋጥማል። «ተጃጃልኩ» ያለ ግን ለራሱም ጥፋት ድርሻ እየሰጠ ነው። ምልክቱን አይቷል፣ ዝም ብሏል። «አጃጃለኝ» ደግሞ ጊዜ አለበት። ዛሬ ነገ እያለ ያመላለሳችሁ ባለ ዕዳ፣ «ቅዳሜ ና» እያለ ሦስት ቅዳሜ ያስቆጠራችሁ ልብስ ሰፊ አጃጅሏችኋል።

«ተሸወድኩ» የከተማ ልጅ ቃል ነው። ውስጡ ትንሽ አድናቆት አለ፤ የሸወደው ሰው ፈጣን ነበር፣ እኔ ዘገየሁ እንደማለት።

ገበያ ላይ የሚያስፈልጋችሁ ግን አንድ አባባል ነው፦ «ሞኝህን ፈልግ!» ሂርማታ ይባል ከነበረበት ዘመን ጀምሮ የጅማ የሐሙስ ገበያ የታወቀ ነው። እዚያ ውስጥ ነጋዴው ዋጋ ሲቆልል ይህችን ጣል አድርጋችሁ ሁለት እርምጃ ብትሄዱ ብዙ ጊዜ ከኋላ ይጠሯችኋል። በሳቅ ካላችኋት ነው ታዲያ። ፊት ካኮሳተራችሁ ጠብ ነው።

«የዋህ» ሙገሳ ነው ወይስ ስድብ?

ይሄ ጥያቄ እኔን ራሴን ያስከፈለኝ ስለሆነ ትንሽ ላውራበት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ ሥራ ሊወዳደር ነበር። የድጋፍ ደብዳቤ ጻፍልኝ አለኝ። በሙሉ ልቤ ጻፍኩ። «ታማኝ፣ ታታሪና የዋህ ሰው ነው» አልኩ። የተወዳደረው ለገንዘብ ያዥነት ነበር። ደብዳቤውን ያነበበው ሰው ወዳጄን ቀና ብሎ አይቶ «የዋህ ገንዘብ ያዥ ምን ያደርግልናል?» አለው አሉ። ሥራውን አላገኘም። እስከ ዛሬ ድረስ ቡና ስንጠጣ ሒሳቡን እኔ እንድከፍል ያደርገኛል፤ «አንተ የዋህ» እያለ።

ጥፋቱ የኔ ነው። የዋህ ሁለት ፊት አለው። በቤተ ክርስቲያን አማርኛ ትልቅ ማዕረግ ነው፤ ምድርን የሚወርሱት የዋሆች ናቸው። ግን እዚያው ማቴዎስ ወንጌል ላይ ደቀ መዛሙርቱ እንደ ርግብ የዋሆች ብቻ ሳይሆኑ እንደ እባብም ልባሞች እንዲሆኑ ተነግሯቸዋል። የዋህነት ብቻውን እንደማይበቃ ጽሑፉም ያውቀዋል ማለት ነው። በቢሮ አማርኛ ደግሞ «የዋህ ናት» ሲባል ብዙ ጊዜ ቀጥሎ «ግን» ይመጣል።

አጠገቡ ሦስት ቃላት ቆመዋል። ገራገር ከገር የመጣ ነው፤ ተንኮል የማያውቅ፣ ለሁሉም የሚመች ሰው። እስካሁን ሙገሳነቱ አልጠፋም፤ ዛሬ ያን ደብዳቤ ብጽፍም ይህንንም አልጠቀምም እንጂ። ተላላ ከመታለል ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው። ተላላ ሰው ያገኘውን ሁሉ ያምናል። እዚህ ጋር ሙገሳው አልቋል፤ የቀረው ማዘን ነው። ሚስኪን ደግሞ ከዓረብኛ የመጣ ነው፤ መነሻው ድሃ ማለት ነው። በአማርኛ ግን ሀብታምም ሚስኪን ይባላል። ማንንም የማይነካ፣ ሌላው ግን እየደጋገመ የሚነካው ሰው ነው። ስለ ሚስኪን የሚያወራ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ልብ ብላችሁ እንደሆነ።

መጽሐፍ ቅዱስ ላይ «ሰነፍ» የሚለው ለምን ሰነፍን አይመስልም?

ምክንያቱም እዚያ ሰነፍ ማለት ሥራ የማይወድ አይደለም፤ ማስተዋል የጎደለው ነው። «ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም ይላል» የሚለውን መዝሙር አስቡት። የግዕዙ ቃል እዚያ ቦታ ላይ «አብድ» ነው። እሱ ቃል ወደ አማርኛ ሲመጣ እብድ ሆነና የጤና መታወክ ስም ሆኖ ቀረ። ሰነፍም ወደ ስንፍና ሄደ። ሁለቱም ከሞኝነት ቤት ወጥተው ሌላ ቤት ገቡ።

ከሁሉ የሚገርመኝ የአሥሩ ደናግል ታሪክ ነው። አምስቱ ሰነፎች፣ አምስቱ ልባሞች ተብለዋል። ሰነፎቹ ሥራ አልጠሉም፤ መብራታቸውን ይዘው ወጥተዋል። የጎደላቸው መጠባበቂያ ዘይት ነው። ዛሬ ብንጽፈው «ጥንቃቄ የጎደላቸው» እንላቸው ነበር።

የድሮው ትርጉም ግን ጨርሶ አልሞተም። ክፍል ውስጥ «ሰነፍ ተማሪ» ሲባል አስተውሉ። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠና ቢያድርም ውጤቱ ዝቅ ካለ ሰነፍ ነው። በጣም የሚያሳዝን አጠራር ነው፤ መምህራን ቢተዉት ደስ ይለኛል።

ልባም ላይም አንድ ነገር ልጨምር። አማርኛ ማሰብን ጭንቅላት ላይ አላስቀመጠም፤ ልብ ላይ ነው ያስቀመጠው። ልብ ያለ ያስተውላል። ልብ የገዛ ሰው ከጅልነቱ ተመልሷል። ልበ ቢስ አያስታውስም፣ አያገናዝብም። ቀልብም ከዓረብኛ የመጣ ሆኖ ያው ልብ ማለት ነው። «ቀልቡ የለም»፣ «ቀልበ ቢስ» ስንል ያንኑ እየደገምን ነው። ቁርኣን የቀሩ የጅማ ልጆች ይህን ሳልነግራቸው ያውቁታል።

ሞኝ ያልሆነ፣ ግን ጥንቃቄ የሌለውን ሰው ምን እንበለው?

አማርኛ እዚህ ላይ ሀብታም ነው። ምን እንደጎደለው እያየ ስም ያወጣል። ቡናን ይዤ ላስረዳ፤ ጅማ ተቀምጬ ሌላ ምሳሌ ብፈልግ ይታዘቡኛል።

ጥቅምትና ኅዳር ላይ ቡናው ይደርሳል። ቀዩን ብቻ እየመረጠ እንደመልቀም፣ አረንጓዴውንም ከነቅጠሉ ግፍፍ አድርጎ የሚያወርድ አለ። እሱ ችኩል ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ለሱ ነው፤ «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» የተባለውም። እሸቱን የማድረቂያ አልጋ ላይ ከማስጣት ይልቅ መሬት ላይ ዘርግቶት የሚሄድ አለ። ዝናብ ሲመጣ አይሰበስበውም፣ ዶሮ ስትበትነው አያባርርም። በኋላ ጀንፈሉ፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀው ቡና፣ አፈር አፈር ሲል ይገረማል። እሱ እንዝህላል ነው። እንዝህላል በጣም የምወደው ቃል ነው፤ ሲጠሩት ራሱ ይጎተታል። የቡናው የዝናብ መሸፈኛ የት እንዳለ ያውቅ የነበረ፣ ግን የረሳው ደግሞ ዝንጉ ነው። የሚያውቀውና የማይገደው ግዴለሽ ይባላል።

ቡናው ገና ሳይደርስ፣ በክረምት፣ ለነጋዴ በርካሽ አስቀድሞ የሚሸጠውስ? እዚህ ላይ ለመፍረድ አትቸኩሉ። ልጅ ታሞበት ከሆነ ሞኝም እንዝህላልም አይደለም፤ ቸግሮት ነው። ሳይቸግረው ለድግስ ብሎ ከሆነ ግን ተረቱ አለለት፦ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር።»

ቀበጥም አለ። ቀበጥ የተመቸው ሰው ነው፤ ምቾቱ ያቅበጠብጠዋል። ደህና ቤት እያለው ዝም ብሎ የሚያፈርስ፣ ደህና ሥራ እያለው በአንድ ቃል ተናዶ የሚለቅ። «የቀበጡ ለታ ሞት አይገኝም» ይባላል። ራሳችንን ስንወቅስም ከዚህ ቃል የተሻለ የለንም፦ «ምን አቀበጠኝ!» ይህን ስንል ጥፋቱን ወስደናል፤ ግን ትንሽ ደግሞ ሌላ ነገር ላይ አሳበናል። ምን አቀበጠኝ ሲል ያቀበጠው ማን እንደሆነ አይታወቅማ።

ገልቱም አለ፤ ቤት አያያዝ የማይሆንለት፣ ቡና ሲቆላ የሚያሳርር። ይህ ቃል ለወንድ ሲባል ብዙም አልሰማሁም። ቡና ሲያሳርሩ ያየኋቸው ወንዶች ግን ብዙ ናቸው።

ፍርድ ቤትስ ሞኝነትን ያውቃል?

ሞኝነትን አይልም፤ ቸልተኝነት ይላል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 59 ስለ ቸልተኝነት ነው። ሁለት ዓይነት ሰው ያሳያል። አንዱ ጉዳት ሊመጣ እንደሚችል እያሰበ «አይ፣ አይደርስም» ብሎ የገፋበት ነው። ሌላው ማሰብ ሲገባውና ሲችል ጭራሽ ያላሰበ ነው። ሕጉ በራሱ ቋንቋ ይበለው እንጂ፣ በኛ ሰፈር አማርኛ የመጀመሪያው ደፋር፣ ሁለተኛው እንዝህላል ነው። ፍሬኑ እንደላላ እያወቀ በዝናብ ቁልቁለት የሚነዳና ፍሬኑን ፈትሾ የማያውቅ የባጃጅ ሹፌር እንደማለት።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ገንዘብ አባካኞችን እንደ ሁኔታው ከአእምሮ ሕመምተኞች ጋር ያሰልፋቸዋል። የሰርግ ወጪያችንን ሳስብ አንዳንዴ ይህ ድንጋጌ ትዝ ይለኛል።

ጀዝባ ማለት ምንድን ነው? ከጫት ጋር ምን አገናኘው?

ጀዝባ የመንገድ ቃል ነው። ሱስ ወይም መዘናጋት ያፈዘዘው፣ ራሱን የጣለ፣ ሲጠሩት ቆይቶ የሚዞር ሰው ነው። «ጀዝቧል» ይባላል። ከሞኝ ይለያል፤ ሞኝ ሲታለል እዚያው አለ፣ ጀዝባ ግን የለም። ነሆለለ የሚለው የቆየ ቃል ለዚህ ይቀርባል፤ ፈዛዛም እንዲሁ።

ጅማና ጫት ስላላቸው ዝምድና ብዙ መናገር አያስፈልገኝም። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ የሚታቀደውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በምርቃና የተሠራው ፎቅ ስንተኛው ላይ እንደደረሰ እግዜር ይቁጠረው። ምርቃና ላይ ያለ ሰው ግን ሞኝ አይባልም። ሐሳቡ እንዲያውም ይፈጥናል፣ ይሰካካል። ችግሩ ማታውኑ ስልክ አንስቶ ቃል ከገባ ነው። ጠዋት ዱካኩ፣ የጫቱ ማግስት ድብርት፣ ሲመጣ ቃሉ ይቀራል፣ ፎቁ የለም። ለዚህ አንድ ቃል የለንም። «በምርቃና የወሰነው ነው» ማለት ግን በቂ ነው፤ ሰሚው ይገባዋል።

ደፋር ሰው መቼ ጅል ይሆናል?

ጀብዱው ሲከሽፍ። ይህን ስል አልቀልድም። ድፍረትን ከጅልነት የሚለየው ብዙ ጊዜ ውጤቱና ተራኪው ናቸው። «ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም» እንላለን። መውጫ ያጣ ዕለት ግን «አንተ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ይመጣል።

የኛው አካባቢ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ምኒልክ ሲመጡ አልተዋጉም። ግብር ለመክፈል ተስማሙ፤ የውስጥ አስተዳደራቸውን አቆዩ። ጅሬን ላይ ያለው ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ቆሞ ይታያል። ጎረቤታቸው የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ግን ተዋጉ። እ.ኤ.አ. በ1897 ተማረኩ፤ መንግሥታቸውም ፈረሰ።

እዚህ ጅማ አባ ጅፋር ብልህ ይባላሉ። እኔም በዚሁ እስማማለሁ። ታዲያ ጋኪ ሸሮቾ ምን ይባሉ? የከፋዋ ቦንጋ ከተማ ሄዳችሁ «ሞኝ» ብትሏቸው ቡና አያጠጧችሁም። ትክክልም ናቸው። ለነጻነቱ የተዋጋን ሰው በሞኝነት ቃላት መመዘን አይቻልም። ጥንቃቄ ያልመረጠ ሁሉ ጥንቃቄ የማያውቅ አይደለም።

ኦሮምኛው «ጎዋ» ከሞኝ ጋር እኩል ነው?

በጣም ይቀራረባሉ። ጓደኞቼ ሁለቱን እያቀያየሩ ሲያወሩ ግራ ሲጋቡ አላየሁም። «ማራታ»ን ግን ከጎዋ ጋር አታምታቱ፤ እሱ እብድ ነው።

ያልተማረ ሰው ሞኝ ነው?

አይደለም። መሃይም ማለት ማንበብና መጻፍ የማይችል ነው፤ ከዚያ አያልፍም። ፊደል ያልቆጠሩ፣ የቡና ፍሬ በጥርሳቸው ነክሰው መድረቁን የሚነግሯችሁ አዛውንቶች አሉ። እነሱን ሞኝ የሚል ራሱ ይታይ።

የሚያስፈራው ጥራዝ ነጠቅ ነው። ጥራዝ የብራና መጽሐፍ ቅጠሎች የተሰፉበት ክፍል ነው። ከዚያ አንዷን ነጥቆ የሮጠ፣ ሙሉውን ግን ያላየ ሰው ጥራዝ ነጠቅ ተባለ። ዛሬ ጥራዙን ስልክ ተክቶታል። እሱ ሊረዳችሁ ሲመጣ «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» የሚለውን አስታውሱ።

ፋራና ሰገጤስ?

እነሱ የከተሜነት ቃላት ናቸው፤ ከማስተዋል ጋር አይገናኙም። አዲስ አበቤ ጅሜውን ፋራ ይለዋል፤ ጅሜው ደግሞ ከገጠር የመጣውን። ሰንሰለቱ የት እንደሚያልቅ እንጃ።

የትኞቹን ቃላት ከአፌ ላውጣ?

የኔ ምክር፣ በመጀመሪያ ደንቆሮ። መነሻው ጆሮው የማይሰማ ማለት ነው። መስማት የተሳነውን ሰው ለሌላው መስደቢያ ማድረግ ነውር ነው። ዘገምተኛም እንዲሁ፤ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ያላት እናት አጠገባችሁ ልትቀመጥ ትችላለች። ደደብ ማንንም አካል ጉዳተኛ አይጠቅስም፤ ግን ለልጅ አይባልም። የተባለ ልጅ አይረሳውም። እኔ አራተኛ ክፍል የተባልኩትን አልረሳሁም፤ ቀኑን ሳይቀር።

ደነዝን ከፈለጋችሁ ለቢላዋ ተጠቀሙበት፤ ድሮም ያልተሳለ ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ስድብ በወንጀል ሕጉም ያስጠይቃል፤ አንቀጽ 615ን ማየት ይቻላል። «ሞኝ አልከኝ» ብሎ የከሰሰ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

የሞኝ ምሳሌ አህያ የሆነችው ለምንድን ነው?

ስለምትሸከምና ስለማትመልስ ይመስለኛል። ተረታችን ግን ሌላ ይናገራል። ተረት ውስጥ ጅሉ አያ ጅቦ ነው፤ ሆዱ ዓይኑን ይጋርደዋል። «አያ ጅቦ፣ ሳታመኻኝ ብላኝ» ያለችው ደግሞ አህያ ናት። ሰበቡን ገና ሳይጨርሰው ገብቷታል። እንግዲህ ሐሙስ ገበያ ጆንያ ተጭና ስትመጣ መንገድ ልቀቁላት።